ተመስገን ስንተኛው ደረጃ ላይ ነው?

በ1978 ዓ.ም. ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም መካከል ነው ይህ የሆነው። እሑድ ነበር። ከቅዳሴ ስመለስ የጀመረው ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ ከሰዓት በኋላም አላቋረጠም።

ያኔ እሪ በከንቱ ነበር የምንኖረው፤ እኔና ልጄ ሮማን። ቤታችን አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ነበረች፤ በመጋረጃ ለሁለት ከፍለናታል። ከመጋረጃው ወዲያ የሮማን አልጋ፣ ወዲህ የእኔ የስፌት መኪና። ባለቤቴ፣ ሮማን ገና ዳዴ ስትል ነው ያረፈው። እኔ ፒያሳ ልብስ ስፌት ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ነሐሴ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ወር ስለሆነ ያልደረሰውን ወደ ቤት ይዤ እመጣለሁ።

ሮማን ሃያ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ነበር የቀራት። በልጅነቷ ከደረጃ ወድቃ ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች ቆሰለ፤ ቁስሉም አጥንት ውስጥ ገባ። ዳነ ሲባል ይከፈታል፣ ደረቀ ሲባል መግል ይይዛል። ሐኪሞች አጥንቱን ደጋግመው ጠርገውላታል። ትምህርቷን ከአሥረኛ ክፍል አቋረጠች። ምነው ስላት፣ መንገዱ ስላደከመኝ ነው አለችኝ፤ አመንኳት።

ጠዋት ጠዋት እንዴት አደርሽ እላታለሁ። ተመስገን ትለኛለች። እኔም ተመስገን ብዬ ነጠላዬን ለብሼ ወደ ሥራዬ እወጣለሁ። በዚህ ዓይነት ዓመታት አለፉ።

ከዚያ እሑድ በፊት ባለው ዐርብ ትኩሳት ይዟት ሐኪም ቤት ወስደናት ነበር። ሐኪሙ ካያት በኋላ እንደ ወጉ እኔንና ወንድሜን ጋሼ ተሾመን ወደ ኮሪደሩ አወጣን። ከእንግዲህ መጥረግ አይጠቅማትም አለን። እግሯ ከጉልበት በታች ካልተቆረጠ መርዙ ወደ ደሟ ገብቶ ሊገድላት ይችላል። አልጋ እይዝላችኋለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ካልመጣችሁ ግን ተራ የሚጠብቅ ብዙ ስለሆነ ለሌላ ይሰጣል አለ።

ጋሼ ተሾመ ታላቅ ወንድሜ ነው። ፒያሳ ወርቅ ቤት ነው የሚሠራው። ሮማንን እንደ አባት አሳድጓታል። የሰፈራችን መንገድ ቁልቁለት ስለሆነና መኪና ስለማያስገባ፣ ሐኪም ቤት በሄደች ቁጥር እስከ አስፋልቱ አዝሎ የሚያወጣት እሱ ነው። ሐኪሙን እስኪጨርስ ሰማውና ኮፍያውን አደረገ። መንገድ ላይ ግን ተናገረ። ልጄን አላስቆርጥም፤ ሰኞ በጠዋት እንጦጦ ጸበል እናስገባታለን፤ እግዚአብሔር ካላት ትድናለች፣ ካላላትም ሙሉ አካሏን ይዛ ትሄዳለች አለኝ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«ለእሷ እንዳትነግሪያት» አለኝ።

ይህን እንኳ ማለት አያስፈልገውም ነበር። በእኛ ዘንድ ለታመመ ሰው ሕመሙ አይነገረውም። ቤተሰብ ይሰማል፣ ቤተሰብ ይወስናል፤ በሽተኛው ፊት ላይ ሳቅ ይደረጋል። እኔም ሳቅሁላት። ቅዳሜን ሳቅሁ። እሑድ ግን አልቻልኩም። ሸሚዝ እጀምርና እተወዋለሁ፣ እነሣና እቀመጣለሁ፣ ውኃ ልቅዳ ብዬ ወጥቼ ባዶ ጣሳ ይዤ እመለሳለሁ። መርፌው ሁለቴ ጣቴን ወግቶኝ የሰው ልጅ ነጭ ሸሚዝ ደም አስነካሁ።

በዚህ መካከል ነው ከጎረቤቴ ከእትዬ በላይነሽ ቤት ድምፅ የሰማሁት። ግድግዳችን አንድ ነው፤ የሚነገረው ሁሉ ይሰማል። አንዲት ልጅ ከስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ነኝ፣ ከቀበሌ ደብዳቤ ይዣለሁ፣ ስለ ጤና ነው የምጠይቀው ትላለች። እትዬ በላይነሽ ወንድ ልጅ አላቸው። ያኔ ለብሔራዊ ውትድርና የሚፈለገው በእሱ ዕድሜ ያለ ነው። ስለዚህ ስለ ጤና የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ምን እንደመሰላቸው ለማወቅ አያዳግትም።

«ልጄማ ምኑም ጤና የለው። ልቡ፣ ኩላሊቱ፣ ዓይኑም እንዲያው ነው» አሉ።

ትናንት ቁም ሣጥን ብቻውን ተሸክሞ ያን ቁልቁለት የወረደ ልጅ ነው። ልጅቷ ለውትድርና አይደለም የመጣሁት ብትላቸው፣ እንዲያ ነው የምትሉት አሏት። ጥቂት ቆይተው በሬን ሲያንኳኩ ሁለቱም አብረው ቆመዋል። እትዬ በላይነሽ እኔ ምን እንደምመልስ ለመስማት ነው የመጡት።

ልጅቷ ሂሩት እባላለሁ አለች። ቀጭን ናት፤ ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል። ልመልሳት ፈልጌ ነበር፤ የዝናቡን ብዛት አይቼ ግቢ አልኳት። ተቀምጣ ሥራዋን አስረዳችን። ለሕክምና የሚወጣው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ የትኛው ሕመም ሰውን አብልጦ እንደሚጎዳ የሚናገሩት ደግሞ ሐኪሞች ብቻ ናቸው፤ ሰው ራሱ ቢጠየቅ ምን ይላል፣ እሱን ነው የማጠናው አለች። ከዚያ ክንድ የሚያህል ወረቀት ዘረጋች። መሰላል ተሥሎበታል፤ ከታች ወደ ላይ የሚቆጠር ዐሥር ደረጃ አለው። ጫፉ ላይ «ሙሉ ጤና»፣ ግርጌው ላይ «ሞት» ይላል። በእጇም ካርዶች ይዛለች። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ዓይነት ኑሮ ተጽፏል፤ ዓይኑ የማያይ ሰው፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። የእኛ ሥራ እያንዳንዱን ካርድ የሚገባው ደረጃ ላይ ማስቀመጥ ነው።

እትዬ በላይነሽ ወረቀቱን አጎንብሰው አዩት።

«ልጄ፣ ሞትን ለምን ከታች አደረግሽው? ነፍስ ወደ ላይ አይደል የምትሄደው?»

ልጅቷ ብዕሯን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አሰበች። «ይሄንን እንኳ አስተማሪዬ አልነገሩኝም» አለች።

ከመጋረጃው ወዲያ ሮማን ስትስቅ ሰማሁ። ከዐርብ ወዲህ ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

መጀመሪያ የራስዎን የዛሬ ጤና ያሳዩኝ አለችኝ።

«ተመስገን» አልኳት።

«ተመስገን ስንተኛው ደረጃ ላይ ነው?»

እትዬ በላይነሽ ገቡልኝ። «ተመስገን የሚባለው መሰላሉን የሠራው ነው፤ እንዴት መሰላል ላይ ታስቀምጪዋለሽ?» አሉ። ልጅቷ አልተቆጣችም። በዚህ ሰፈር የጠየቀችው ሰው ሁሉ ተመስገን እንዳላት፣ አልጋ ላይ የዋለውም ገበያ የዋለውም እኩል ተመስገን ስላለ የማን ሕመም ከማን እንደሚበልጥ ማወቅ እንደቸገራት ነገረችን።

ከዚያ ሌላ ጥያቄ አመጣች። ዐሥር ዓመት በሕመም ከመኖርና ከዚያ ያነሰ ዓመት በጤና ከመኖር የቱን ይመርጣሉ? ጤና ለማግኘት ከዐሥሩ ስንቱን ይሰጣሉ? ዕድሜ የእኔ አይደለም፣ የእኔ ያልሆነውን አልሰጥም አልኳት። ቀጥዬ ግን አፌ አምልጦኝ፣ ለልጄ ከሆነ ሁሉንም ውሰጂው አልኩ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። ለራስዎ ነው እንጂ ለልጅዎ አይደለም የጠየቅሁዎት አለችኝ በቀስታ። ከልጄ የተለየ ራስ እንደሌለኝ እንዴት ላስረዳት።

ካርዶቹን ሰጠችኝ። መሠረተ ትምህርት ስለተማርኩ አነባለሁ። አንዱን አነሣሁ። «አንድ እግር የለውም። በክራንች ይሄዳል። ሕመም የለውም» ይላል። ያኔ ከግንባር የተመለሱ ወጣቶች በየመንገዱ ስለነበሩ ነው ይህን የጻፈችው፤ ስለ እኛ ምንም አታውቅም። እኔ ግን ዐርብ የሰማሁትን ሰው የነገራት መሰለኝ። ካርዱን ወስጄ የመጨረሻው ደረጃ ላይ፣ ሞት የሚለው ቃል አጠገብ አስቀመጥኩት። ቶሎ ብዬም በሌላ ካርድ ሸፈንኩት።

«እማዬ፣ ለእኔም አምጡልኝ» አለች ሮማን።

አይሆንም፣ ታምማለች፣ አትድከም አልኩ። ልጅቷም ግራ ገባት፤ ወደ እኔ ታያለች፣ ወደ መጋረጃው ታያለች። ሮማን ራሷ እጇን ዘርግታ መጋረጃውን ሳበችው። ፊቷ በትኩሳት ቀልቶ ነበር። «እኔ ጠያቂ ካጣሁ ስንት ጊዜዬ ነው» አለች። እትዬ በላይነሽ ተያት እንጂ፣ ልጅሽ ጨዋታ አማራት አሉኝ። እሺም እንቢም ሳልል መሰላሉ ካርዶቹን እንደያዘ ብርድ ልብሷ ላይ ተዘረጋ።

ሮማን ካርዶቹን አንድ በአንድ አነበበች። አንዱ ላይ ቆየች፤ ከዚያ ጮክ ብላ አነበበችው። «ብዙ ሕመም አለው። እንቅልፍ የለውም። ሰው ካልረዳው ከቤት አይወጣም።» አንገቷን ነቀነቀች።

«ይሄ እኔ ነኝ» አለች።

ካርዱን ይዛ ከላይ ወደ ታች በደረጃዎቹ ላይ አወረደችው። አምስተኛውን አለፈች፣ ሁለተኛውን አለፈች፣ አንደኛውንም አለፈች። ሞት ከሚለው ቃል በታች አወረደችና ከወረቀቱ ውጪ ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠችው።

ከሞት በታች ቦታ ያለ አይመስለኝም ነበር።

«ልጄ፣ ምን ማለትሽ ነው?» አልኳት። «ዛሬ ጠዋት እንኳ ተመስገን ብለሽኛል።»

«ጠዋት ልትወጪ ስትይ ምን ልበልሽ እማዬ?»

ከዚያ እኔ ያስቀመጥኩትን ካርድ ከተሸፈነበት አወጣችውና ስምንተኛው ደረጃ ላይ አኖረችው። እግር የለውም እኮ ነው የሚለው አልኳት፤ በደንብ ያላነበበችው መስሎኝ።

«ሕመም የለውም ይላል ደግሞ። እሱን ለምን ዘለልሽው?» አለችኝ። ቀጠለችም። «ዐርብ ኮሪደር ላይ ሲነግራችሁ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሰምቼዋለሁ።»

«ሰምተሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«እናንተስ?»

እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወጡ። ልጅቷ ካርዶቿን እየሰበሰበች፣ ይቅርታ፣ አላወቅሁም፣ ይህንን አልመዘግበውም ትላለች። በሩ ላይ ክንዷን ያዝኳት። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ምን ትመክሪኛለሽ አልኳት።

«እኔ የምጠይቀው ነው እንጂ የምመልሰው የለኝም» አለችኝ። «መልሱ ያለው እሷ ጋ ነው።»

ቤት መቀመጥ አቃተኝ። ጃንጥላ ይዤ ዳገቱን ወጣሁ። ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ እግሬ ጊዮርጊስ አደረሰኝ። ቤተ ክርስቲያኑን ዞርኩት፤ ቆሜ መጸለይ አልቻልኩም። ተመስገን ልበል ስል ቃሉ እንቢ ይለኛል። ዕድሜዬን ሁሉ የኖርኩበት ቃል ነው። ልጄ ከሞት በታች ሆና ይህንኑ ቃል ለእኔ ብላ ስትለው እንደነበር አስታወስኩና አለቀስኩ። ጌታዬ፣ አንተ ምስጋናውንም ሕመሙንም ታውቅ ነበር፤ እኔ ምስጋናውን ብቻ ነው የሰማሁት አልኩት። ያን ቀን የጸለይኩት ይህችን ብቻ ነው።

ስወጣ በሩ አጠገብ ወጣቶች ከዝናብ ተጠልለዋል። አንዱ በክራንች ነው፤ የአንድ እግሩ ሱሪ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ጓደኛው ጭቃው ጫማዬን ጨረሰው እያለ ያማርራል።

«አንተ ሁለት ታጥባለህ፣ እኔ አንድ። ማነው የተጎዳው?» አለው ባለ ክራንቹ። ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ሳቀ።

እንዲህ ያሉትን ልጆች በየቀኑ ፒያሳ አያቸዋለሁ። እግዜር ይማራችሁ እያልኩ፣ ዓይኔን መለስ እያደረግሁ ነበር የማልፋቸው። ሲቀልዱ ግን ሰምቼ አላውቅም። ቆሜ አየሁት። ዝናቡ ቀነስ ሲል ክራንቹን አስተካክሎ ከሁሉም ቀድሞ መንገዱን ተሻገረ። ማንም አላዘለውም።

ቤት ስደርስ ጋሼ ተሾመ መጥቷል። ከጸበሉ ቦታ ማረፊያ አግኝቷል፣ ለጠዋትም ታክሲ ተነጋግሯል። ብርድ ልብስና ጀሪካን አዘጋጂ አለኝ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ጠይቃት» አልኩት።

«የታመመ ሰው ይጠየቃል እንዴ?»

«ሁሉንም ሰምታለች።»

ፊቱ ተለዋወጠ። በእኔ የተናደደ መስሎኝ ነበር፤ ፈርቶ ነው። መጋረጃውን ገልጦ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እጇን ብቻ ያዘ። እሷ ናት የጀመረችው።

«ጋሼ፣ መታዘል ደክሞኛል።»

«እኔ መቼ ደከመኝ አልኩሽ?»

«አንተማ አላልክም። እኔን ነው የደከመኝ።»

ማን ያገባሻል ሊላት ጀምሮ ሳይጨርስ ተወው። እግዚአብሔር አያቅተውም አላት። አያቅተውም አለች፤ በሐኪም እጅም አያቅተውም። ጸበሉን አልጠላሁም፤ እማዬ ትቀዳልኛለች፣ ሐኪም ቤት እጠጣዋለሁ፤ እግሬን ግን ከእንግዲህ አልፈልገውም አለችው። ይህን ስትል ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። እሱ ግን ብድግ ብሎ ወጣ። ግቢው ውስጥ ባዶ ራሱን ዝናብ ላይ ቆሞ በመስኮት አየሁት። ተመልሶ ሳይገባ፣ ከውጭ ሆኖ፣ ታክሲው በጠዋት አስፋልቱ ላይ ይጠብቀናል ብሎኝ ሄደ። ወዴት እንደሚወስደን አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ካነበባችሁ ስለ ልጄ ትጠይቁኛላችሁ። ሮማን ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ትምህርቷን ጨርሳ አስተማሪ ሆናለች። ቁስሉ ዳነ፣ ትኩሳቱ ቀረ። የእንጨት እግሯ እስኪሠራ ድረስ በክራንች ስትሄድ መያዣው እጇን ይልጣት ነበር። ጋሼ ተሾመ ወርቅ በሚሞርድበት ሞረድ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሞርዶ እንደ ቀለበት አለሰለሰላት። ሲያስረክባት ምንም አላላትም። እሱ ካረፈ ቆየ፤ ነፍሱን ይማር። ክራንቹ ግን ቤቴ አለ።

ልጅቷን ሂሩትን ከዚያ በኋላ አላየኋትም። ጥናቷ የት እንደደረሰ አላውቅም። በጸሎቴ ግን ስሟን አነሣለሁ።

ተመስገን ማለት አልተውኩም፤ ለምን እተዋለሁ? ያለኝ ሁሉ ከእሱ ነው። ግን ሰው ተመስገን ሲለኝ አሁን ዝም ብዬ አላልፍም። ቁጭ እላለሁ፣ ሁለተኛ እጠይቃለሁ። በቤታችን ይህ ልማድ ሆኗል። ሮማን ስትደውልልኝ «እማዬ፣ ዛሬ ስንተኛው ላይ ነሽ?» ትለኛለች። ጉልበቴን ሲያመኝ አራት እላታለሁ፣ ሲሻለኝ ሰባት። ያልነገርኳት ሕመም የለም፤ እሷም አትደብቀኝም። እናንተም ቤት አልጋ ላይ ያለ ሰው ካለ ኮሪደር ላይ ከመሰብሰባችሁ በፊት በሩን ክፈቱ። ምናልባት ሰምቶ ዝም ብሎ ይሆናል።

ያን ሰኞ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር። ጋሼ እንደ ሁልጊዜው ሮማንን አዝሎ ዳገቱን ወጣ፤ እኔ ጀሪካኑንና ብርድ ልብሱን ይዤ ተከተልኩ። አስፋልቱ ላይ ታክሲው ቆሟል። ሮማንን ከኋላ አስቀመጥናት፣ እኔ አጠገቧ ገባሁ፣ ጋሼ ከፊት ተቀመጠ። ከዚያ ቦታ ሽቅብ ከተወጣ እንጦጦ ነው፤ ዞር ከተባለ ሐኪም ቤቱ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ወዴት ነው አለ። ጋሼ አልመለሰም። ዞሮ እኔን አየኝ።

እኔም ወደ ሮማን ዞርኩና፣ «ልጄ፣ ወዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።